አጎቴና የካንሃ ጫካ

አጎቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ምን ሲሠሩ እንደኖሩ የገባኝ ሕንድ አገር ነው። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ያደግሁት እርሳቸው ቤት ነውና። ከሻሸመኔ ወደ ሶዶ በሚወስደው መንገድ፣ አጄ አጠገብ፣ ሰንቀሌ የሚባል የቆርኬ መጠለያ አለ። አጎቴ እዚያ ስካውት፣ ማለትም የእንስሳቱ ጠባቂ፣ ነበሩ። ጠዋት ካኪያቸውን ለብሰው ይወጣሉ፤ ተረኛ ከሆኑ ለቀናት አይመለሱም፤ ሲመለሱ ልብሳቸው ጢስ ጢስ ይላል፣ እግራቸውን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ነክረው ዝም ብለው ይቀመጣሉ። እኛ ልጆች ስለ ሥራቸው አንጠይቅም፤ እርሳቸውም አያወሩም። ትምህርት ቤት በሚሞላው ቅጽ ላይ "የአሳዳጊ ሥራ" ከሚለው ፊት ለፊት "ዘበኛ" ብዬ እጽፍ ነበር። ሰንቀሌ ያለው የቆርኬ ዘር ዛሬ ከኢትዮጵያ በቀር የትም አገር እንደማይገኝ እንኳ ያወቅሁት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው።

ጡረታ ከወጡ ከዓመታት በኋላ ታመው ለሕክምና ሃይደራባድ መጡ። እኔ በዚያው ከተማ የዶክትሬት ትምህርቴን እየተከታተልኩ ነበር። ሕክምናው በሰላም አለቀ። ለመጨረሻው ምርመራ እስኪቀርቡ ጥቂት ሳምንታት ስለነበሩን ሐኪማቸው ወጣ ወጣ ማለት እንደሚችሉ ነገሩን። "ጋሼ፣ እንግዲህ ሕንድን ሳያዩማ አይመለሱም። የት ልውሰድዎት?" አልኳቸው። ታጅ ማሃል የሚሉኝ መስሎኝ ወደ አግራ የሚሄደውን ባቡር ሰዓት ሁሉ አይቼ ነበር። እርሳቸው ግን ብዙም ሳያስቡ "ታይገር አሳዪኝ" አሉኝ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ "የታሰረውን አይደለም" አሉ።

ታይገር ለማየት የሚደረግ ጉዞ እንደ ሌላው ጉዞ አይታቀድም። ሌላ ቦታ ስንሄድ ትኬት እንቆርጣለን፣ ማደሪያ እንይዛለን፣ የምናየውን እዚያው ደርሰን እናስብበታለን። እዚህ ግን መጀመሪያ የሚያዘው የጫካው መግቢያ ፈቃድ ነው፤ ባቡሩም ማደሪያውም ከእርሱ በኋላ ይከተላሉ። ኋላ በሄድንበት በማድያ ፕራዴሽ ክፍለ ግዛት ባሉት ፓርኮች በየበሩ፣ ጠዋትም ከሰዓትም፣ የሚገቡት መኪኖች ቁጥር የተወሰነ ነው። ፈቃዱ በኢንተርኔት ለሽያጭ የሚቀርበው ከአራት ወር ገደማ አስቀድሞ ነው። የበዓል ሰሞን ወይም ቅዳሜና እሑድ ከሆነ ወዲያው ያልቃል። በስምና በፓስፖርት ቁጥር ስለሚመዘገብ ለሌላ ሰው አይተላለፍም። በዝናቡ ወራት፣ ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ፣ የጫካው ማዕከላዊ ክልል ይዘጋል፤ ረቡዕ ከሰዓት በኋላም አይገባም። ታይገር ማየት ብቻ የሚፈልግ ሰው የሚመርጠው ከኤፕሪል ጀምሮ ያለውን የሙቀት ጊዜ ነው፤ ሣሩ ይደርቃል፣ ወንዙ ይጎድላል፣ እንስሳቱ ወደ ቀረው ውኃ ይሰበሰባሉ። ሙቀቱ ግን ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ ከሕመም ለተነሣ ሽማግሌ አይሆንም። እኛ የነበረን ጃንዋሪ ነበር፤ ሣሩ ረጅም፣ ማለዳው የሚያንዘፈዝፍ።

የትኛው ፓርክ? የጠየቅኋቸው ሕንዳውያን የትምህርት ጓደኞቼ ሁሉም የየራሳቸውን ይሉኛል። ራጃስታን ያለው ራንታምቦር በጥንታዊ ምሽጉና በሐይቆቹ ያምራል። ታዶባ ለናግፑር ቅርብ ነው። "አጎትሽ ታይገር ሳያዩ እንዳይመለሱ ከፈለግሽ ባንዳቭጋር ውሰጂያቸው፤ እዚያ ጫካው ትንሽ፣ ታይገሩ ብዙ ነው" ያለኝ ልጅ ልቤን ወስዶት ነበር። ፈቃድ ፍለጋ ልጀምር ስል ስለየፓርኩ የተጻፈውን ለአጎቴ እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው። ካንሃ ላይ ስደርስ አስቆሙኝ። ካንሃ ውስጥ ባራሲንጋ የሚባል ትልቅ አጋዘን አለ፤ ሌላ ቦታ ያሉት ዘመዶቹ ረግረግ ውስጥ ሲኖሩ የካንሃው ግን በደረቅ መሬት ላይ መኖርን የለመደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ሲቆጠር 66 ብቻ ቀርቶ ነበር።

"ስንት አልሽ?"

"ስድሳ ስድስት።"

"አሁንስ?"

"ወደ ሺህ ገደማ ይላል።"

መነጽራቸውን አውልቀው አስቀመጡ። "እንዴት አድርገው መለሱት? እዚያ ውሰጂኝ" አሉ። ያን ቀን ስለ ታይገሩ አንድም ጥያቄ አልጠየቁኝም።

የማዕከላዊው ክልል ፈቃድ እኛ በምንፈልጋቸው ቀናት አልቆ ጠበቀኝ። አንድ የጉዞ ወኪል በእጥፍ ዋጋ አመጣልሻለሁ ቢለኝም ፈቃዱ በፓስፖርት ቁጥር የሚቆረጥ መሆኑን አውቅ ስለነበር አልተቀበልኩትም። ሌሊት ሌሊት እየተነሣሁ የተሰረዘ ቦታ እፈልግ ነበር፤ ሰዎች ሐሳባቸውን ሲለውጡ ቦታው ተመልሶ ይለቀቃል። በዚህ መንገድ ጥቂት አገኘሁ፤ የቀረውን ከጫካው ዳርቻ፣ ኻቲያ ከሚባለው ክልል ወሰድኩ። ቦታ ያነሰው ነጋዴ ሆን ብሎ ስላስወደደው አይደለም። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2012 የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በታይገር ፓርኮች ማዕከላዊ ክልል ጉብኝት እንዲቆም አዝዞ ነበር። በኦክቶበር ሲፈቀድ ግን ጎብኚ የሚገባበት ቦታ ከማዕከላዊው ክልል አንድ አምስተኛ እንዳይበልጥ የሚል መመሪያ ወጣ። የተቀረው ጫካ ለእንስሳቱ ነው። ይህን ስነግራቸው አጎቴ "ደግ አደረጉ" አሉ፤ እኔ ግን የእንቅልፍ እጦቴን እያሰብኩ ነበር።

ከሃይደራባድ እስከ ናግፑር በባቡር ስንጓዝ አደርን፤ ከዚያ በመኪና ወደ ሰሜን። መንገዱ ፔንች የሚባለውን የታይገር ጫካ አቋርጦ ያልፋል። እዚያ ላይ አውራ ጎዳናው መሬቱን ለቅቆ ዓምዶች ላይ ይወጣል፤ እንስሳቱ ከሥር እንዲያልፉ ነው። ትልቁ መሻገሪያ 750 ሜትር ይረዝማል። ታይገሮች ከሥሩ ሲያልፉ ካሜራ ቀርጿቸዋል። አጎቴ ሾፌሩን ዳር ላይ እንዲያቆም ለመኑት፤ አልተፈቀደም ብሎ አለፈ። አጎቴ አንገታቸውን እስኪያማቸው ወደኋላ ዞረው አዩት።

ካንሃ የደረስነው ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ዝግ መሆኑን እያወቅሁ ነው የያዝኩት፤ አጎቴ ከመንገድ እንዲያርፉ ብዬ። እርሳቸው ግን ማረፍ አልፈለጉም። ያደርንበት ቤት ጎንድ ከሚባለው የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆነ የአንድ ቤተሰብ ነው፤ ከበሩ በእግር የሚደረስበት፣ ግቢው በእበት የተለቀለቀ፣ ልጃቸው አስጎብኚ ሆኖ የሚሠራ። መጀመሪያ የመረጥኩት የተሻለ ሎጅ ዋጋው ከአቅሜ በላይ ስለሆነ ነው እዚያ የገባነው። ልጁ ወደ ሰፈሩ ይዞን ወጣ፤ በተሰባበረ ሂንዲዬ እየተረጎምኩ አጎቴን ከመንደሩ ሰው ጋር አገናኘኋቸው።

ባይጋ ከሚባለው ሌላው ነባር ሕዝብ የሆኑ አንዲት አሮጊት ደጃፋቸው ላይ ሩዝ ያበጥራሉ። ግንባራቸው ላይ ሰማያዊ ንቅሳት አለ። አጎቴ ገና ሲያዩዋቸው ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ኋላ እንደነገሩኝ ሴትዮዋ እናታቸውን መስለዋቸው ነበር። አሮጊቷ የተወለዱት ዛሬ ታይገሩ በሚያድርበት ጫካ ውስጥ ነው። የታይገር ፕሮጀክት የሚባለው ዘመቻ እ.ኤ.አ. በ1973 ሲጀመር ካንሃ ከመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ክልሎች አንዱ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በጫካው ልብ የነበሩ የባይጋና የጎንድ መንደሮች ተራ በተራ ወጥተዋል። ጎብኚ የሚደነቅባቸው ሰፋፊ የሣር ሜዳዎች፣ ሶንፍን የመሰሉት፣ የቀድሞ መንደርና የእርሻ ቦታ ናቸው። ባራሲንጋው ያገገመውም በእነዚህ ሜዳዎች ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የደን መብት ሕግ ሰው ያለ ፈቃዱ እንዳይነሣ ይላል፤ ከ2008 ጀምሮ ደግሞ ለሚነሣ ቤተሰብ 1 ሚሊዮን ሩፒ ተመደበ። አሮጊቷ የተነሡት ሕጉም ገንዘቡም ከመምጣታቸው በፊት ነው።

አጎቴ "አሁን እዚህ ምን አለዎት? ምን ቀረብዎት?" ብዬ እንድጠይቅ አዘዙኝ። መንገድ አለ፣ ትምህርት ቤት አለ፣ የልጅ ልጃቸው በሩ ላይ ይሠራል። የቀረባቸው ማህዋ ነው። ማህዋ በበጋው መጨረሻ አበባው የሚረግፍ ትልቅ ዛፍ ነው፤ ሴቶች ማለዳ ወጥተው ይለቅሙታል፣ ያደርቁታል፣ ይበሉታል፣ መጠጥ ይጠምቁበታል። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ዛፍ ነበረው። የእርሳቸው ዛፍ ዛሬም እዚያው ሜዳ ላይ ቆሟል፤ አበባውን አጋዘን ይበላዋል። ይህን ያሉት ሳያለቅሱ፣ ሳይቆጡ፣ ወንፊታቸውን እየነቀነቁ ነው። አጎቴ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

በማግሥቱ ገና ሳይነጋ በሩ ላይ ተሰለፍን። ጣራ የሌለው ጂፕሲ መኪና፣ አንድ ሾፌር፣ አንድ አስጎብኚ። አስጎብኚ መምረጥ አይቻልም፤ በተራቸው ይደለደላሉ። ክፍያው ለየብቻ ነው፦ ለፈቃዱ፣ ለመኪናው፣ ለአስጎብኚው። አጎቴ አንድ በአንድ አስተረጎሙኝ፣ እያንዳንዱ ሩፒ የት እንደሚደርስ ጠየቁ። የደረሰን አስጎብኚ በዕድሜ የገፋ ሰው ነበር። የእርሱ ክፍያ በቀጥታ ለእርሱ ነው፤ የበሩ ገቢ ፓርኩን ለማልማት ይውላል፣ ከፊሉም ለዙሪያው መንደሮች ይሰጣል አለ። ባለፈው ዓመት ታይገር የጎረቤቱን ለማዳ ጎሽ ገድሎ ካሳ ተከፍሎታል። "ቶሎ?" አሉ አጎቴ። አስጎብኚው እጁን ግራና ቀኝ አወዛወዘ። "ዘግይቶ። ግን ተከፈለ።"

አጎቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው ነበር። አስጎብኚው በነጩ ጋቢ ላይ ግራጫ ብርድ ልብስ ደረበላቸው፤ ነጭ ነገር ጫካ ውስጥ ከሩቅ ይታያል። ብርዱን ማንም አስቀድሞ ያልነገራችሁ እንደሆነ እኔ ልንገራችሁ፦ ጃንዋሪ ላይ ክፍት መኪና ውስጥ ያለው ማለዳ ደብረ ብርሃንን ያስንቃል። ጓንት፣ ኮፍያ፣ ሁለት ሹራብ ያስፈልጋል፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ደግሞ ሁሉም ይወልቃል።

ሳል የሚባሉት ዛፎች ቀጥ ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ በመካከላቸው ጉም ተኝቷል። ሾፌሩ ድንገት ቆመ። በአመዳማው መንገድ ላይ ዱካ አለ። መውረድ ክልክል ስለሆነ አጎቴ ከመኪናው ጎን ተንጠልጥለው አዩት። የመሐል እግሩ ንጣፍ ሰፊ ነው፤ አራቱ ጣቶች ተለይተው ይታያሉ፤ ጥፍር አልታተመም። ዙሪያው ያለው አፈር በጤዛ ጠቆር ብሎ ረጥቧል፤ ዱካው ውስጥ ግን አፈሩ ደረቅ ነው፣ ጠርዙም አልፈረሰም። አጎቴ ጣታቸውን ወደ ሰማይ፣ ከዚያ ወደ መሬት ጠቆሙ፤ ቀጥለው ወደ ፊት። ጤዛው ከወረደ በኋላ ነው ያለፈው፤ ወደዚያ ነው የሄደው ማለታቸው ነው። አስጎብኚው አያቸውና ፈገግ አለ። በሁለት እጆቹ ረዘም ያለ ነገር ቅርጽ ሠራ፤ ሴት ናት ማለቱ ነው፤ የወንዱ ዱካ ወደ አራት ማዕዘን ይጠጋል። አጎቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያች ቅጽበት በኋላ እኔ አስተርጓሚነቴ ቀረ። ሁለቱ ሽማግሌዎች በጣትና በዐይን ያወሩ ነበር። አጎቴ እንዲህ ሲሆኑ አይቻቸው አላውቅም፤ ቤት ውስጥ የማውቃቸው ዝምተኛ ሰው አልነበሩም።

ሳምባር የሚባለው ትልቅ አጋዘን ከቀርከሃው ውስጥ ጮኸ፤ አንድ ጊዜ፣ ወፍራም ድምፅ። ባለ ነጠብጣቡ አጋዘንና ጦጣው በትንሹም በትልቁም ይጮኻሉ፤ ሳምባር ሲጮኽ ግን አስጎብኚዎች ሞተር ያጠፋሉ። ጠበቅን። ታይገሯ ከቀርከሃው ወጥታ መንገዱ ላይ ቆመች፤ ሆዷ ይወዛወዛል፣ ትከሻዋ በየርምጃው ከፍ ዝቅ ይላል። እኛን አላየችንም፤ ወይም አይታ ንቃናለች። ወደ አንድ ዛፍ ጀርባዋን ሰጥታ ጅራቷን ሰቅላ ረጨችበትና በወዲያኛው በኩል ገባች። ነፋሱ ወደ እኛ ሲዞር አዲስ የተቀቀለ ባስማቲ ሩዝ የመሰለ ሽታ አመጣ። የታይገር ምልክት ሽታ እውነትም ከባስማቲ ሩዝ ጋር አንድ የሆነ ቅመም አለበት። ያለቀሰችው እኔ ነኝ። አጎቴ እጄን ያዝ አድርገው "በቅርቡ ነው የወለደችው፤ ጡቷን አየሽ? ግልገሎቿ ሩቅ አይደሉም" አሉኝ።

እርሳቸው ቀና ብለው የቆሙት ከዚያ በኋላ ነው። በአንድ ጠባብ የእግር መንገድ ላይ ሦስት ሰዎች ወደ እኛ ይመጣሉ። ካኪ ለብሰዋል፤ በእጃቸው የቀርከሃ ዱላ ብቻ ይዘዋል። የጫካው ጠባቂዎች ናቸው፤ ታይገሯ አሁን የገባችበትን ጫካ በእግራቸው ያቋርጣሉ። አጎቴ ሾፌሩን በትከሻው መታ አደረጉትና አስቆሙት። ብርድ ልብሱን ከላያቸው ጥለው መኪናው ላይ ቆሙ፤ እግራቸውን ገጥመው ወታደራዊ ሰላምታ ሰጧቸው። ጠባቂዎቹ ግራ ተጋቡ። አስጎብኚው የሆነ ነገር ሲነግራቸው ግን ትልቁ ዱላውን ወደ ግራ እጁ አዛውሮ ሰላምታውን መለሰ። ከዚያ ወደ መኪናው ቀርቦ ስልኩን አሳያቸው፤ የሄዱበትን መንገድ፣ ያዩትን ዱካ፣ የተቆረጠ ዛፍ ቢኖር ሁሉንም የሚመዘግቡበት ፕሮግራም አለው። ሕንድ ይህን አሠራር የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። በየአራት ዓመቱ የሚደረገው የታይገር ቆጠራም በእነዚህ ሰዎች እግር የቆመ ነው፤ በ2018ቱ ቆጠራ ካሜራ የተጠመደው ከ26 ሺህ በላይ ቦታዎች ላይ ነበር። በ2006 ሲቆጠር 1,411 ታይገር ነበረ፤ በ2022 ደግሞ 3,682 ተገመተ። "እኛ በደብተር ነበር የምንጽፈው" አሉ አጎቴ። "ዝናብ ሲመጣ ደብተሩን ብብቴ ውስጥ እይዘው ነበር።"

ማታ ግቢው ውስጥ እሳት ተለኩሶልን ተቀመጥን። ስለ ሰንቀሌ የነገሩኝ ያን ማታ ነው።

በግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ደመወዝ ቆመ፤ ስካውቶቹም መሣሪያቸውን አስረክበው ወደየቤታቸው ተበተኑ። አጎቴ ግን መሄድ አላቆሙም፤ መሣሪያ የለ፣ ትእዛዝ የለ፣ ዝም ብለው ጠዋት ጠዋት ይሄዱ ነበር። መጠለያው ሲከለል ግጦሹን ያጣው ሰው ከብቱን ይዞ ተመልሶ ገብቷል፤ ሌሎችም ሊያድኑ መጥተዋል። አንድ ጠዋት ከግራሩ ሥር አንድ ሰው ቆርኬ ሲገፍፍ ደረሱበት። ጎረቤታችን ነው፤ ስሙን ነገሩኝ፣ እኔም አውቀዋለሁ፣ ልጆቹ ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ተምረዋል። ሰውዬው አልሸሸም። "ይህ ሣር የአባቴ ከብቶች የሚውሉበት ነበር፤ ሲወስዱብን አንተ በር ላይ ቆመህ ነበር" አላቸው። አጎቴ የሚመልሱለት አልነበራቸውም። ሰውዬው ሥጋ ቆርጦ በቅጠል ጠቀለለና "ልጆች አሉህ፤ ውሰድ" አለ።

"ወሰድኩት" አሉኝ። "ቤት ውስጥ እናንተ ነበራችሁ። የሚበላ አልነበረም።"

እኔ ሕፃን ነበርኩ፤ አንዳችም አላስታውስም። ግን በልቻለሁ። ዓለም ላይ ሌላ አገር የሌለውን እንስሳ፣ አጎቴ ሕይወታቸውን ሰጥተው የጠበቁትን፣ እኔም ተመግቤ አድጌአለሁ። ለዚያ ሁሉ ዓመት ለምን ዝም እንዳሉም ያን ጊዜ ገባኝ።

የማውቀው ማጽናኛ ስለሌለ ያነበብኩትን ነገርኳቸው። እዚሁ ማድያ ፕራዴሽ ውስጥ ፓና የሚባል የታይገር ጫካ አለ። ጠባቂ ነበረው፣ በጀት ነበረው፣ ሕግ ነበረው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ግን አንድ ታይገር እንኳ እንዳልቀረበት ታወቀ። አዳኞች ጨርሰውታል። ራጃስታን ያለው ሳሪስካም ከእርሱ ቀድሞ እንዲሁ ባዶ ሆኖ ነበር። ለፓና ከካንሃ አንዲት፣ ከባንዳቭጋር አንዲት ሴት፣ ከፔንች ደግሞ አንድ ወንድ ታይገር ወሰዱ። ወንዱ ፓናን ለቅቆ በመንደርና በእርሻ መካከል ወደ ደቡብ፣ ወደ ፔንች አቅጣጫ ጉዞ ጀመረ። ጠባቂዎቹ ሳምንታት ሙሉ ተከትለውት ይዘው መለሱት፤ ዛሬ ፓና ውስጥ ያሉት ብዙዎቹ የእርሱ ዘር ናቸው። አጎቴ በጥሞና አዳመጡኝና "በእግራቸው ተከተሉት?" ብለው ጠየቁ። "በመኪናም፣ በዝሆንም፣ በእግርም።" "ማን ከፈላቸው?" አሉ። መንግሥት ነው አልኳቸው። "እንግዲያ ደመወዙ አልቆመም" አሉ።

እኔ ግን የባይጋዋ አሮጊት ከአእምሮዬ አልወጡም ነበር። "ጋሼ፣ እንግዲህ እርሳቸውን ማስነሣት ልክ ነበር ማለት ነው?" አልኳቸው። ባራሲንጋው የበዛው እርሳቸው በነበሩበት ሜዳ ላይ ነው፤ ይህን ማንም አይክደውም። አጎቴ እሳቱን ቆሰቆሱ። "ልክ ነው አልወጣኝም" አሉ። "እንስሳው ቦታ ይፈልጋል። ግን ቦታውን ሰጥቶ ምንም ያላገኘ ሰው አንድ ቀን መንግሥት ሲደክም ይመለሳል። እኔ አይቼዋለሁ። የልጅ ልጃቸው በር ላይ መሥራቱ ካሳ አይደለም፤ ግን ያ ልጅ አያቱ ያጡትን ሜዳ እየጠበቀ ይበላል። እኛ ለጎረቤቴ ልጅ ምን ሰጠነው?" እኔ አሁንም ከእርሳቸው ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም። አሮጊቷ ሳይጠየቁ ነው የተነሡት፣ የማንም ደመወዝ ያንን አይመልስም። ይህን ስላቸው አልተቃወሙኝም።

ከዚያ ወዲህ ወደ ጫካ የሚሄድ ጓደኛ ምክር ሲጠይቀኝ በስንተኛው ቀን ታይገር እንደሚታይ መንገር ትቻለሁ። ፈቃዱን ቀድመህ ያዝ፣ ጠዋቱን ምረጥ፣ ብርዱን አትናቅ እለዋለሁ፤ ከሁሉ በላይ ግን ማደሪያህን በር አጠገብ ካሉት መንደሮች ውስጥ አድርግ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ከመኪና ውጭ ተው፣ የምትከፍለው ገንዘብ ማን እጅ እንደሚገባ ጠይቅ እለዋለሁ። አንዳንዱ ሰው እየሰለቸው ያዳምጠኛል። አንዱ ግን ከካንሃ ተመልሶ የማህዋ ታሪክ ነግሮኛል፤ ሌላ ቤት፣ ሌላ ሴት።

አጎቴ አገር ቤት ከገቡ በኋላ ስልክ ላይ የምናወራው ስለ ሰንቀሌ ነው። ትምህርቴን ጨርሼ ስመለስ አብረን እንሄዳለን፤ ቅደም ተከተሉን እርሳቸው አውጥተዋል። መጀመሪያ በሕይወት ያሉትን የድሮ ስካውቶች እንጠይቃለን። ከዚያ ያ ጎረቤታችን ቤት ገብተን ቡና እንጠጣለን፤ አጄ ዳር ይኖራል፣ ዐይኑ ደክሟል። አጎቴ ካንሃ ስላዩት ነገር ሊነግሩትና ያን ጊዜ ያልመለሱለትን ሊመልሱለት ይፈልጋሉ። ቢፈቅድ እርሱንም ይዘነው ወደ በሩ እንሄዳለን። ቢያንስ አንድ ቆርኬ አብረን ሳናይ አንመለስም ብለውኛል፤ የመግቢያውን ለሦስታችንም የምከፍለው እኔ ነኝ።